ላሚቱ ከመሸጧ በፊት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ያባቶቻችን ተረት ለእህል ብቻ የተነገረ አይደለም። በዛሬው ዘመን በየቤታችን የገባው ዕቃ ጥቂት ሲያነክስ «አርጅቷል፥ ሌላ ይገዛ» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጥበታል። ፍርዱ ሳይመረመር የተሰጠ እንደ ሆነ ግን፥ በከንቱ የሚወጣው ገንዘብ ከልጆች ጕርሻና ከሽማግሌዎች መጦሪያ ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ወር የምናወጋው ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም ላፕቶፕ በማስታወሻ ማነስ ምክንያት ሲዘገይ እንዴት እንደሚታወቅና፥ ጀማሪ የሆነ ሰው በጥቂት ወጪ፥ ዕቃውንም ሳይጎዳ፥ ማስታወሻውን እንዴት ሊጨምርለት እንደሚችል ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝን ምክንያት ላስረዳችሁ። ባለፈው በጥር ወር አንዲት የዳባት እናት ልጃቸውን አስከትለው ደባርቅ ከሚገኘው ቤቴ መጡ። ልጂቱ ከዘመዶቿ ዘንድ ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትከታተል በክፍሌ አስተምሬያት ነበር፤ ዛሬ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እናቲቱ ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ላፕቶፕ አውጥተው ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፤

«መምህር፥ ይህ ዕቃ እየሞተ ነው አሉኝ። ወይፈኑን ሸጬ ነበር የገዛሁላት። አሁን የቀረችኝ ላሚቱ ናት። ትሸጥ ወይስ ትቅር? እርስዎ ይንገሩኝ» አሉኝ።

ልጂቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ኋላ እንደ ነገረችኝ፥ ላሚቱ ተሸጣ ታናናሾቿ ወተት ከሚያጡ ትምህርቱን ብትተወው ይሻላል ብላ በልቧ ቈርጣ ኖሯል። እንግዲህ በዚያች ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ጉዳይ የአንድ ዕቃ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ላፕቶፑ ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የወጣ ሲሆን፥ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ካገለገለ በኋላ ወደ አገራችን ገብቶ ከሚሸጠው ያገለገለ ዕቃ መካከል በብዛት የሚታይ ነው። ልጂቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» በሚባለው ሥልጠና ተመዝግባ፥ ለስልክ የሚሆን ፕሮግራም አሠራር መማር ጀምራለች። ለዚህ ትምህርት የሚያገለግለው አንድሮይድ ስቱዲዮ የተባለው ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ማስታወሻ እንደሚያሻው ሠሪዎቹ ራሳቸው በግልጽ አስታውቀዋል። የልጂቱ ላፕቶፕ ያለው ግን 4 ብቻ ነው። ከፍታው ስታበቃ፥ አንዲት መስኮት እስክትከፈት ድረስ ቡና ተቈልቶ ይወቀጣል።

ለመሆኑ ይህ ማስታወሻ፥ በተለምዶ ራም የሚባለው፥ ምንድን ነው? በልጅነቴ ለዲቁና ስማር ያየሁት አንድ ጸሓፊ ትዝ ይለኛል። በጕልበቱ ላይ ብራናውን ዘርግቶ፥ በፊቱ የሚቀዳበትን መጽሐፍ ገልጦ ይጽፋል፤ የቀሩት መጻሕፍት በየማኅደራቸው ሆነው በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አሁን ይህ ጸሓፊ ከሦስት መጻሕፍት እያመሳከረ ይጽፋል እንበል። ፊቱ ያለው ስፍራ ሰፊ ቢሆን ሦስቱንም ገልጦ ያኖራል። ስፍራው ጠባብ ቢሆን ግን፥ ለእያንዳንዱ ቃል ተነሥቶ አንዱን መስቀል፥ ሌላውን ማውረድ ግድ ይሆንበታል። እጁ አልደከመም፥ ዐይኑም አልፈዘዘም፤ ቀኑ ያለቀበት በመነሣትና በመቀመጥ ነው።

በላፕቶፕም ውስጥ እንዲሁ ነው። በግድግዳው የተሰቀለው ማኅደር የሚመስለው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ፎቶግራፉም ጽሑፉም በዚያ ይቀመጣል፥ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም አይጠፋም። በጸሓፊው ፊት ያለውን ስፍራ የሚመስለው ደግሞ ራሙ ነው፤ አሁን በእጅ ያለው ሥራ የሚዘረጋው በዚያ ላይ ነው። ራሙ ሲሞላ ላፕቶፑ የተረፈውን ሥራ ወደ ሃርድ ዲስኩ እየወሰደ ያኖራል፥ ሲፈልገውም ይመልሳል። ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ስለ ሆነ፥ ተጠቃሚው «ሞተ» የሚለው በዚህ መመላለስ ጊዜ ነው።

ዛሬ በየላፕቶፑ የምናገኘውን የራም ዓይነት ያስገኘው ሮበርት ዴናርድ የተባለው የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ነው፤ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1966 አመንጭቶ የፈጠራ መብቱን በ1968 አገኘ። አሠራሩ እያንዳንዷን ምልክት በአንዲት ረቂቅ የኤሌክትሪክ ማቆሪያ መያዝ ነው። ማቆሪያይቱ እንደሚያፈስ ቅል ናትና፥ በአንድ ሴኮንድ ከ15 ጊዜ በላይ እንደ ገና መሞላት አለባት። በ8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ከ68 ቢሊዮን የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ማቆሪያዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ የሚጠፋው፥ ራምንም እንደ ደንቡ ካልያዙት በቀላሉ የሚጎዳው በዚሁ ረቂቅነቱ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ፥ ማንም ሰው ሳይለካ ራም ሊገዛ አይገባውም። ላፕቶፑ በዊንዶውስ የሚሠራ እንደ ሆነ፥ ኮንትሮል፥ ሺፍትና እስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች ባንድነት መጫን ነው። ታስክ ማኔጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ ከዚያ ፐርፎርማንስ፥ ቀጥሎም ሜሞሪ የሚለውን መምረጥ ነው። ይህን ከመመልከት በፊት ግን በየቀኑ የምትሠሩበትን ሁሉ እንደ ወትሮው ክፈቱት፤ ባዶ ጆንያ ተመዝኖ የእህሉ ልክ አይታወቅምና። በልጂቱ ላፕቶፕ ይህን ስናደርግ ከ100 እጅ 94ቱ ተይዞ አገኘነው። ራሙ ዘወትር ከ85 ወይም ከ90 በመቶ በላይ ከተያዘ በእርግጥ ጠቦታል። ራሙ ገና እኵሌታው ባዶ ሆኖ ሳለ ዲስክ የሚለው 100 በመቶ የሚያሳይ እንደ ሆነ ግን፥ ችግሩ ያለው በሃርድ ዲስኩ ነው፤ ራም መጨመር አይፈውሰውም። እንዲህ ላለው፥ የሚሽከረከረውን የቀድሞ ሃርድ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው መለወጥ ይበጃል።

ገንዘብ ከማውጣትም በፊት ያለ ገንዘብ የሚደረግ አለ። በዚያው በታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርታፕ በሚለው ገጽ፥ ላፕቶፑ ሲበራ ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ የማያስፈልጉትን ማሰናከል ይቻላል። በኢንተርኔት መመልከቻ ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ መተውም ራምን የሚበላ ልማድ ነው። ለጽሑፍና ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ሊድን ይችላል። እኛም ይህን አድርገን የልጂቱ ላፕቶፕ ወደ 80 በመቶ ወረደ፤ አንድሮይድ ስቱዲዮን ስትከፍት ግን እንደ ገና ሞላ። ስለዚህ ራም መጨመር እንደሚያስፈልግ ተረዳን።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ላፕቶፑ ጭማሪ ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ራሙ በካርድ ሆኖ በማስገቢያ የሚሰካባቸው ላፕቶፖች አሉ፤ ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደባቸውም አሉ። የተበየደው፥ ሌላ ባዶ ማስገቢያ ከሌለው፥ ከተወለደበት ልክ አያልፍም። ማክቡክ ኤይርና ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች እንዲህ ናቸው። በዚያው በሜሞሪ ገጽ ላይ «ፎርም ፋክተር» ከሚለው አጠገብ «ሶዲም» የሚል ከተጻፈ በካርድ የተሰካ ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ከሆነ የተበየደ ነው። «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለው ደግሞ ከስንት ማስገቢያ ስንቱ እንደ ተያዘ ይናገራል። የልጂቱ ላፕቶፕ «ከ2 አንድ» ይል ነበርና፥ አንዱ ማስገቢያ ባዶ እንደ ነበረ ዐወቅን። በአገራችን ከሚዘወተሩት መካከል ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 እንደዚሁ ሁለት ሁለት ማስገቢያ አላቸው። ላፕቶፑ ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ልክ ሠሪው ኩባንያ በመመሪያው ጽፎታልና፥ ያንን መመልከት ይገባል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ ቢጨመርለት አይጠቀምበትም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ስፍራ ላይ ደረስን፤ እርሱም የራም ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታናሽ ወንድሜን ላፕቶፕ ላሻሽል ብዬ፥ «የላፕቶፕ ራም ስጠኝ» በማለት ብቻ አንድ ካርድ ገዛሁ። ሻጩ አልበደለኝም፤ ዓይነቱን አልነገርሁትም፥ እርሱም አልጠየቀኝም። ቤት ገብቼ ብሰካው እንቢ አለኝ። በሩ ጠንክሮበት እንደሚገፋ ሰው በአውራ ጣቴ ተጫንሁት፤ ቀጭ አለ። የተሰበረው ካርዱ አልነበረም፤ የቦርዱ ማስገቢያ ነበር። ወንድሜ ሳይቈጣኝ ዝም ማለቱ ከቍጣ ሁሉ የከፋ ሆነብኝ። ብልህ በሰው ጥፋት ይማራልና፥ እናንተ በኔ ተማሩ።

ዓይነቶቹ ዲ ዲ አር 3፥ ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 ይባላሉ። አንዱ በሌላው ስፍራ ፈጽሞ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ልካቸውም ይለያያል። ዲ ዲ አር 3 1.5 ቮልት ይፈልጋል፤ «ኤል» የሚል ፊደል የተጨመረበት ዲ ዲ አር 3ኤል በ1.35፥ ዲ ዲ አር 4 በ1.2፥ ዲ ዲ አር 5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ። የላፕቶፕ ካርድ የመዳብ ጥርሶችም በዲ ዲ አር 3 204፥ በዲ ዲ አር 4 260፥ በዲ ዲ አር 5 262 ናቸው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለችው ክፍት ቦታም በየዓይነቱ ስፍራዋ ልዩ ነው። ይህች ክፍተት የተሠራችው እንደኔ ያለውን ችኩል እንድትከለክል ነበር። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ራም ደግሞ ርዝመቱ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የላፕቶፕ 7 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ በዐይን ይለያል።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ዘዴ፥ ላፕቶፑን ከፍቶ አሁን ያለውን ካርድ ማየት ነው። በላዩ በተለጠፈው ወረቀት በላቲን ፊደል «ፒሲ 3»፥ «ፒሲ 3ኤል» ወይም «ፒሲ 4» የሚል ይገኛል፤ ቍጥሩ ዓይነቱን ይነግራል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሻጩ ማሳየት ከብዙ ቃል ይሻላል። ቀጥሎ የሚጻፈው ቍጥር የፍጥነቱ ነው፤ የሁለቱ ካርዶች ፍጥነት ቢለያይ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ይሠራሉ። ልካቸው እኩል የሆኑ ሁለት ካርዶች ጐን ለጐን ሲሠሩ የበለጠ ይፈጥናሉ፤ እንደ ጥንድ በሬ ናቸው። እኩል ባይሆኑም ግን አንድ ብቻውን ከሚጠብ ይሻላል።

ስለ ዋጋው ሳልናገር አላልፍም። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን የሚያንቀሳቅሱት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች የፋብሪካውን ምርት እየጠቀለሉ ስለሚገዙ፥ ለቤት ተጠቃሚ የሚተርፈው አንሷል። የዓለምን ራም አብዛኛውን የሚሠሩት ሳምሰንግ፥ ኤስ ኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ማይክሮንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለቤት ተጠቃሚዎች የሚሸጠውን እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። በሩቅ አገር የሚደረገው ግዢ ደባርቅ ላይ ያለውን ዋጋ እንዴት እንደሚነካ በዚህ መረዳት ይቻላል። ስለዚህ ከሚያስፈልግ በላይ መግዛት ዛሬ ከትናንት ይልቅ ስሕተት ነው። ለጽሕፈትና ለንባብ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ 16 የሚያሻው ከባድ ሥራ ላለው ነው።

ወጪን ለመቀነስ የሚሻለው ያገለገለ ካርድ ነው። ስክሪኑ ከተሰበረ ወይም ቦርዱ ከተቃጠለ ላፕቶፕ የወጣ ራም፥ በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውምና ቶሎ አያልቅም። ሆኖም ሦስት ነገር ይታሰብ። ጥርሶቹ ያልተጫሩና ያልዛጉ መሆናቸውን መመልከት፤ በተቻለ መጠን ላፕቶፑን ይዞ ሄዶ ገንዘብ ሳይከፈል ተሰክቶ ሲሠራ ማየት፤ ይህ ባይቻል፥ ካልሠራ በሳምንት ውስጥ እንደሚመለስ በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ነው። እኔም ለጉዳይ ወደ ጎንደር በወረድሁ ጊዜ 8 ጊጋባይት ያገለገለ ዲ ዲ አር 4 በዚህ ውል ገዝቼ፥ የ100 ኪሎ ሜትሩን ገደማ መንገድ በደረት ኪሴ ይዤው ተመለስሁ። ዋጋው ከላሚቱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

በማግስቱ እናትና ልጅ ደረሱ። ሥራውን ልጂቱ ራሷ በእጇ እንድትሠራው አደረግሁ፤ የኔ አውራ ጣት ታሪኩ ይታወቃልና። ያደረገችውን በተራ እጽፋለሁ።

አንደኛ፥ ጽሑፎቿን ሁሉ በፍላሽ ገለበጠች። ራም መጨመር በሃርድ ዲስኩ ያለውን አይነካም፤ ቢሆንም የጥንቃቄ መጀመሪያ ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ ስፍራውን አዘጋጀን። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የምትበልጥ ደጋ ናት፤ በበጋ አየሯ ደረቅ ነው። በደረቅ አየር የሱፍ ልብስ ሲፋተግ ሰውነት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ሲገፈፍ የሚፈነጥቀው እርሱ ነው። ሰው ሲነዝረው የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው ይባላል፤ ራም ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው፥ እኛ ሳይሰማን፥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በአጎዛ፥ በምንጣፍ ወይም በአልጋ ላይ ሆኖ ላፕቶፕ መክፈት አይገባም። ልጂቱ ሹራቧን አወለቀች፤ እጇን ታጥባ በደንብ አደረቀች፤ ልባስ በሌለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑ ከውጭ ብርድ የገባ ስለ ነበረ፥ ጤዛ እንዳያወጣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅነው።

ሦስተኛ፥ ላፕቶፑን ፈጽማ አጠፋችው፤ ክዳኑን ማጠፍ ብቻ ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩንና በጐኑ የተሰካውን ሁሉ ነቀለች፤ ከዚያም ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭና የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣች።

አራተኛ፥ ልኩ በሆነ ትንሽ ካቻቪቴ የታችኛውን ክዳን ብሎኖች አላላች። ልኩ ያልሆነ ካቻቪቴ የብሎኑን ራስ ይበላል፤ የተበላ ብሎን ደግሞ ለባለ ሙያም ያስቸግራል። ብሎኖቹ የሚወጡ ከሆነ በወረቀት ላይ እንደየስፍራቸው ደርድሯቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ስፍራ ቢገባ ቦርዱን ሊወጋ ይችላልና። ክዳኑን በብረት ቢላዋ ሳይሆን በቀጭን ፕላስቲክ ከፈተችው።

አምስተኛ፥ ባትሪው ከውስጥ ስለ ነበረ፥ ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ከመሰኪያው ነቀለች። በቲንክፓድ ላይ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የውስጡን ባትሪ በባዮስ በኩል ማቋረጥም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቀለም ያልተቀባውን የላፕቶፑን ብረት ነካች፤ በሰውነቷ ያለው ኤሌክትሪክ በራሙ ሳይሆን በዚያ እንዲወርድ ነው።

ስድስተኛ፥ አዲሱን ካርድ በጠርዙ ብቻ ያዘች፤ የመዳቡን ጥርስ በጣት መንካት አይገባም። ክፍተቲቱን ከማስገቢያው ጕጥ ጋር አስተካክላ፥ ካርዱን ዘንበል አድርጋ አስገባችው፤ ቀጥሎ በዝግታ ወደ ታች ስትጫነው በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው ያዙት። ይህ ቀጭታ የመልካም ነው። ካርዱ በቀላል እጅ አልገባ ካለ፥ ምክንያት አለውና አውጥቶ ማየት እንጂ መጫን አይደለም።

ሰባተኛ፥ የባትሪውን ሽቦ መለሰች፤ ክዳኑን ዘጋች፤ ብሎኖቹን አጠበቀች፤ አበራችው።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቈየ። እናቲቱ እስከዚያ ድረስ የስልካቸውን መብራት ይዘው ቆመው ነበር፤ «ወይኔ፥ ገደለችው!» ብለው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አዲስ ራም የገባበት ላፕቶፕ በመጀመሪያው ጊዜ ማስታወሻውን እስኪመረምር ድረስ ደቂቃዎች ሊቈይ ይችላልና። ጥቂት ቈይቶ ብርሃኑ ወጣ። ታስክ ማኔጀርን ብንከፍት 12 ጊጋባይት ይላል። ከዚህ ጥቂቱን ላፕቶፑ ለሥዕል ማሳያ ስለሚወስደው፥ ለሥራ የሚቀረው በመጠኑ ቢያንስ ሊያስደነግጥ አይገባም። በጭራሽ ባይበራ ኖሮ፥ አጥፍቶ፥ ባትሪውን ነቅሎ፥ ካርዱን አውጥቶ እንደ ገና ማስገባት ነበር መድኃኒቱ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እስከ መጨረሻ አለመግባቱ ነው። ከዚህም በኋላ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን «ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» የሚባለውን መፈተኛ አስነሥተን ስሕተት አለመኖሩን አረጋገጥን። ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው ይህን ሳያደርግ የመመለሻውን ሳምንት አያሳልፍ።

እውነቱን ለመናገር፥ ራም መጨመር የሁሉ ፈውስ አይደለም። ያረጀ ባትሪ አያድስም፥ የላላ የክዳን ማጠፊያም አያጠብቅም። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ይህ የልጂቱ ላፕቶፕም በፕሮሰሰሩ ምክንያት ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚፈቅድላቸው አንዱ አይደለም። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ መልካም መጠጊያ ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮም በሊኑክስ ይሠራል። ልጂቱ በእረፍቷ ጊዜ ልትሞክረው አስባለች።

እናቲቱ ከመነሣታቸው በፊት ላፕቶፑን እንደ ቀድሞው በጨርቅ ጠቀለሉት። «ይህን ያህል ነገር ኖሯል እንዴ የጐደለው?» አሉ፤ ጣታቸውን ከፍተው የካርዱን ቁመት እያሳዩ። ከዚያም ወደ ልጃቸው መለስ ብለው «ስለ ላሚቱ ብለሽ ትምህርትሽን ልትተዪ እንደ ነበረ ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት። እኔ ለእናቲቱ አልነገርሁም፤ እናት ግን ሳይነግሯት ታውቃለች። ልጂቱ መልስ አልሰጠችም። በደጅ ግን የእናቷን ዘንቢል ተቀብላ ጐን ለጐን ሲሄዱ አየኋቸው።

ውድ ወላጆች፤ ልጆቻችሁ የያዙትን ዕቃ «አልሠራም» ሲሉ፥ ምን እንደ ጐደለው አብራችሁ ጠይቁ። ልጆችም፥ ወላጆቻችሁ የሸጡትንና ሊሸጡ ያሰቡትን ዐውቃችሁ፥ «አዲስ ይገዛልኝ» ከማለታችሁ በፊት ለኩ። የላሚቱ ወተት ዛሬም በዳባት ይታለባል፤ ልጂቱም ትምህርቷን አላቋረጠችም። ለሚቀጥለው ወር ይቆየን።